ሃያ ገጽ ብቻ የምትይዝ መጻፊያ

አራሚዋ የራሷ የምትለው ጊዜ በባቡር ላይ ያለው ብቻ ነበር። ጠዋት ወደ ማተሚያ ቤት ስትሄድ ሃምሳ አምስት ደቂቃ፣ አመሻሽ ላይ ስትመለስ ሃምሳ አምስት ደቂቃ። ቀኑ የማተሚያ ቤቱ ነው፤ ምሽቱ የአማቷ። አማቷ ልጃቸው ከሞተ ወዲህ ከእሷ ጋር ነው የሚኖሩት። ጆሯቸው ደከም ስላለ ቴሌቪዥኑን ጎረቤት እስኪሰማው ድረስ ይከፍቱታል፤ ከቴሌቪዥኑ በላይ ደግሞ እሳቸው ያወራሉ። በሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ሰው ቁጭ ብሎ ልጻፍ ቢል የት ይገባል? አንድ ቀን መታጠቢያ ቤት ገብታ ሞከረች። አንኳኩተው ሆድሽን ነው ወይ ብለው ጠየቋት።

የምትጽፈው የባሏን መጽሐፍ የመጨረሻ ምዕራፍ ነው። ባሏ የድልድይ መርማሪ ነበር። ለመንገድ ሠራተኞች የሚሆን የድልድይ አጠባበቅ መመሪያ ጀምሮ ስምንት ምዕራፍ ጨረሰ፤ ዘጠነኛውን ሳይጀምር ሞተ። ከዘጠነኛው የቀረው ርዕሱና ሦስት የመስክ ማስታወሻ ደብተር ነው። ርዕሱ «ድልድይ መቼና እንዴት ይዘጋል» ይላል። የባሏ መሥሪያ ቤት ሁለት ዓመት ያህል ከታገሠ በኋላ ደብዳቤ ላከላት፤ ምዕራፉ እስከ ወሩ መጨረሻ ከቤተሰቡ በኩል ከደረሰን እናትማለን፣ ካልደረሰን አንድ የቢሯችን መሐንዲስ ይጽፈውና ሽፋኑ ላይ ሁለት ስም ይወጣል የሚል። ጨዋ ደብዳቤ ነው። አንድም የፊደል ግድፈት የለበትም፤ ሁለት ጊዜ አይታዋለች።

ሁለት ስም መውጣቱን ማንም ክፉ ነገር ነው አይልም። እሷም አላለችም። ደብዳቤውን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ምዕራፉን እኔ አመጣዋለሁ ብላ መልስ ጻፈች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እሱ በክፍሉ ውስጥ እየተንጎራደደ ሪፖርቱን ሲናገር የጻፈችው እሷ ናት። የምሰሶ ስንጥቅ ከግድግዳ ስንጥቅ በምን እንደሚለይ ታውቃለች። ስለዚህ ነገሩ ቀላል መሰላት፤ በባቡር ላይ የሚጻፍበት አንድ ነገር ማግኘት ብቻ ነው የቀራት።

መጀመሪያ በደብተር ሞከረች። ባቡሩ እንደ ወንፊት ይነቀንቃል። የጻፈችውን ቢሮ ደርሳ ስታየው ዶሮ የጫረችው ይመስላል፤ የሰው ጽሑፍ ስታርም የኖረች ሴት የገዛ ጽሑፏን ማንበብ አቃታት።

ግራ የገባት ያኔ ነው። ሰው ግራ ሲገባው ደግሞ ያማክራል፤ ሲያማክር ይብስበታል።

መጀመሪያ ያማከረችው የሥራ ባልደረባዋን ጉሮሮን ነው። በማተሚያ ቤቱ እርማት የሚሠራው በጥንድ ነው፤ አንዱ ዋናውን ጽሑፍ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው የታተመውን ረቂቅ እየተከተለ ያርማል። አንባቢው ምንም አያስቀርም። ነጠላ ሰረዙን፣ አራት ነጥቡን፣ ቅንፉን፣ አዲስ አንቀጹን ሁሉ በስሙ ይጠራል። ጉሮሮ አሥራ አራት ዓመት የእሷ አንባቢ ነው፤ ኪሱ ውስጥ የጉሮሮ ከረሜላ ስለማይጠፋ ስሙ ይኸው ሆኖ ቀረ። የሥራው አመል ከሥራ ውጭም አይለቀውም። ጠዋት በር ላይ ሲያገኛት «እንዴት አደርሽ፣ ጥያቄ ምልክት» ነው የሚላት።

ጉሮሮ በስልክሽ ጻፊ አላት። አገር ሁሉ በስልኩ ነው የሚጽፈው፣ አንቺን ምን ለየሽ አላት። ጻፈች። ስልኩ ግን እሷ ልትል የፈለገችውን ከእሷ ቀድሞ የሚያውቅ ሆኖ ተገኘ። «ስንጥቅ» ልትል ስትጀምር «ስንት ነው» ይልላታል። «ምሰሶ» ስትለው «ምሳ» ይላል። በዚያ ላይ ሦስተኛው ጣቢያ ላይ አማቷ ይደውላሉ፤ አንድ ቀን የጨው ዕቃው የት እንዳለ ሊጠይቁ፣ በማግስቱ አገኘሁት ሊሉ። በስድስተኛው ቀን አንድ አንቀጽ ነበራት፤ እሱም ውስጥ ድልድዩ ሁለት ቦታ ምሳ ነበረው።

የባሏ ወንድም ይህን ሲሰማ ሳቀና የራሱን ላፕቶፕ አመጣላት። ጣጣ የለውም አለ። ጣጣው የጀመረው ጭኗ ላይ ስትከፍተው ነው። ክርኗ አጠገቧ ከተቀመጠው ጋዜጣ አንባቢ ጎን ገባ። ሰውዬው ይቅርታዋን ተቀብሎ ጋዜጣውን አጠፈና የእሷን ማንበብ ቀጠለ። ባቡሩ ወንዙ ጋ ሲቃረብ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ።

«ይቅርታሽን እህቴ፣ አደገኛ ነው የምትይው ይኼን ድልድይ ነው?»

አይደለም አለችው። ስለ ድልድይ በጠቅላላው ነው አለችው። ፊት ለፊታቸው የተቀመጠች ሴት ግን «አደገኛ» የሚለውን ብቻ ሰምታ ዘንቢሏን አቀፈች፤ ከኋላ የቆመው ሰው ምንድነው የሚሉት ብሎ ጠየቀ። ወንዙን እስኪሻገሩ ድረስ ግማሹ ፉርጎ እሷን ነበር የሚያየው። ላፕቶፑን በማግስቱ መለሰች።

ሦስተኛው መሣሪያ ታጣፊ የፊደል ሰሌዳ ያለው ታብሌት ነበር። አንድ የስልክ ባለ ሱቅ ሦስት ቀን ሞክሪው ብሎ ሰጣት። ጥሩነቱን በአንድ ትንፋሽ ዘረዘረላት፤ እሷ ራሷን እየነቀነቀች አንዱንም ሳትይዝ ወጣች። የፊደሉ አቀማመጥ ከስልኩም ከላፕቶፑም የተለየ ነው፤ ጣቷ የለመደው ቦታ ላይ ሌላ ፊደል ተቀምጦ ይጠብቃታል። በሁለተኛው ቀን ባቡሩ በድንገት ሲቆም ሰሌዳው ከታብሌቱ ተላቆ በሰው እግር መሃል ተንሸራተተና እስከ በሩ ድረስ ሄደ። ከእጅ ወደ እጅ ሲመለስላት ሰዎቹ እንደ ሕፃን ተቀባብለው ነው ያመጡት። ወሩ ሊጋመስ ነበር። የነበራት አንድ አንቀጽ በሦስት መሣሪያ ላይ ሦስት ዓይነት ሆኖ ተቀምጧል፤ የትኛው ትክክል እንደሆነ መለየት አቃታት።

ከጣቢያው ደረጃ ሥር፣ ሬዲዮና ስልክ የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ አሉ። ሁለት መነጽር አላቸው፤ አንዱ ዓይናቸው ላይ፣ አንዱ ግንባራቸው ላይ። ጉሮሮ ነው የላካት። የምትፈልገውን ስትነግራቸው ብዙ ጠየቋት፤ ቆመሽ ነው ቁጭ ብለሽ፣ ብርሃን አለ የለም፣ ስልክ ይደወልልሻል ወይ አሏት። እስከዚያ ቀን ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም። ከዚያ ከመደርደሪያው ጀርባ አንዲት ግራጫ ነገር አወጡ። ትልቅ መጽሐፍ ታክላለች። ሰሌዳ አላት፣ ከሰሌዳው በላይ አራት መስመር ብቻ የምታሳይ ጠባብ መስታወት አላት፣ በባትሪ ድንጋይ ትሠራለች፤ ሌላ ምንም የላትም።

«ኢንተርኔት አታውቅም፣ አትደውልም፣ ላርምልሽ አትልም» አሉ ጠጋኙ። «ፊደሉን ራሴ ነኝ የጫንኩባት። ሃያ ገጽ ትይዛለች፤ ከሃያ ካለፈ በቃኝ ትላለች። ያንቺ ስንት ገጽ ነው?»

«ስምንት ቢሆን ነው ጋሼ።»

«ታዲያ ይተርፍሻላ። ውሰጃትና ስትጨርሺ አምጫት፤ እኔ በወረቀት አወጣልሻለሁ።»

ግራጫዋ ጭን ላይ ትቀመጣለች፤ ሲቆምም በአንድ ክንድ ትታቀፋለች። ማንም ዞር ብሎ አላያትም። አራሚዋ በዚያ አመሻሽ ባቡር ስትሳፈር፣ እንግዲህ ምክንያት የለም አለች በልቧ። የመጀመሪያውን አንቀጽ ጻፈች። አነበበችው። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር አልጣማትም፤ አስተካከለችው። ያኔ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ጋር አልሄድ አለ። ወረደች።

በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ቀንም። ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ደግሞ የማይጣስ ደንብ አለ፤ መጽሐፉ ታትሞ እስኪወጣ ድረስ የትኛውም እርማት አይጣልም። አንደኛ እርማት፣ ሁለተኛ እርማት እየተባለ ቁጥር ተሰጥቶት ሁሉም ይቀመጣል። እሷም እጇ ስለለመደ ለእያንዳንዱ ሙከራ ቁጥር ሰጥታ አስቀመጠችው። በሳምንቱ መጨረሻ ግራጫዋ ውስጥ «አሥራ አራተኛ እርማት» የሚል ነበረ፤ አሥራ አራቱም የምዕራፉ የመጀመሪያ ገጽ ነበሩ።

አማቷ ማታ ማታ ቴሌቪዥኑን ሳይቀንሱ ይጠይቋታል። «ዛሬስ የት ደረሰ የልጄ ነገር?» ይላሉ። «እየሄደ ነው እማማ» ትላለች። መሄዱን ግን እርግጠኛ አይደለችም። ሰው ተቀምጦ እየጻፈ፣ እየጻፈ፣ አንድ ቦታ እንዴት ይቆማል? መሣሪያው ተገኘ፤ ጊዜው አለ፤ ነገሩን ታውቀዋለች። ምኑ እንደጎደለ ነው ያልገባት። አንዳንዴ ዓይኗ በመስኮቱ ላይ ይቀርና አሥር ደቂቃ ይሄዳል፤ ስለ ምን ስታስብ እንደነበር ለራሷም አትነግርም።

ስምንት ቀን ሲቀራት ከአሥራ አራቱ አምስቱን በወረቀት ገልብጣ ለጉሮሮ ሰጠችው። በምሳ ሰዓት፣ በባዶው የእርማት ክፍል፣ እንደማንኛውም የሰው ሥራ ጮክ ብሎ ከነነጥቡ አነበበው። አንዱ «ድልድይ የሚዘጋበት ጊዜ አለ» ብሎ ይጀምራል። አንዱ «ድልድይን መዝጋት የመርማሪው ኃላፊነት ነው» ይላል። ሲጨርስ ከረሜላውን በጉንጩ አዞረ።

«የቱ ይሻላል?» አለችው።

«አምስቱም ንጹሕ ነው። አንድ ጥፋት አላገኘሁበትም።» ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አድርጎ አስተካከላቸው። «ግን እህት ዓለም፣ እኔ እዚህ ቤት አሥራ አራት ዓመት ሳነብ፣ አራት ነጥብ ካልኩ በኋላ ወደሚቀጥለው ነው የምሄደው። አንቺ ባቡር ላይ እያረምሽ ነው። ማነው የሚጽፈው?»

ግራ እንደገባት ወደ ወንበሯ ተመለሰችና የከሰዓቱን ሥራ ጀመሩ። እጇ እንደ ወትሮው የካርቶን ቁራጯን አነሳ። አራሚ ሁሉ አንዲት የካርቶን ቁራጭ አለው፤ ከሚያርመው መስመር በታች ያለውን ይሸፍንበታል፣ ዓይኑ ወደፊት እንዳይሮጥ። የእሷ ከጫማ ሳጥን የተቆረጠች ናት፤ ጠርዟ በጣት ወዝ ጠቁሯል። ጉሮሮ እያነበበ ሳለ እሷ ካርቶኗን ረጅም ጊዜ አየቻት።

ያን ዕለት አመሻሽ ካርቶኗን ይዛት ወጣች። ባቡር ውስጥ ግራጫዋን ከፈተችና ካርቶኗን መስታወቱ ላይ በላስቲክ አሰረቻት። አራቱም መስመር ተሸፈነ። የጻፈችውን ማየት አትችልም፤ ስለዚህ ማረም አትችልም። ዓይኗ የሚያርፍበት ስታጣ በአፏ ያዘችው፤ ልክ እንደ ጉሮሮ፣ ከነጥቡ ጋር፣ በሹክሹክታ። «ሰው ሲበዛ፣ ነጠላ ሰረዝ፣ ጎርፍ ሲመጣ፣ ነጠላ ሰረዝ፣ ምሰሶው ሥር ድምፅ ሲሰማ፣ ነጠላ ሰረዝ…» አጠገቧ የተቀመጠች ልጅ እናቷን አየች። እናትየው ዝም በይ፣ እየጸለዩ ነው አለቻት።

እየጻፈች መሆኑን እንኳ አታውቅም ነበር። ጣቷ ይሄዳል፣ አፏ ይሄዳል፣ ጣቢያው ይደርሳል፣ ትወርዳለች። ገጹ ስንት እንደደረሰ፣ የተጻፈው ትርጉም ይኑረው አይኑረው ድንግር ብሏታል። ካርቶኗን አንስታ ለማየት እጇ ሦስት ጊዜ ሄዶ ሦስት ጊዜ መለሰችው። በሰባተኛው ቀን ጠዋት፣ ባቡሩ ዋናው ጣቢያ ሲገባ፣ የሚጨመር ነገር እንደሌለ ታወቃት። ካርቶኗን ሳታነሳ ግራጫዋን ዘጋች። የመሥሪያ ቤቱ መልእክተኛ በማግስቱ ስድስት ሰዓት ላይ ማተሚያ ቤቱ መጥቶ ምዕራፉን ይወስዳል።

ካርቶኗን ፈትታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና የተዘጋችውን ግራጫዋን በዚያው ለጠጋኙ ሰጥታ ሄደች። በማግስቱ ጠዋት ስትመጣ ሽማግሌው ወረቀቶቹን በፖስታ አድርገው ቆይተዋታል። ፊታቸው ግን ደስ አይልም።

«ሃያ ገጽ ወጥቷል» አሉ። «አሥራ አራቱ አንድ ዓይነት ነው። ምንድነው እሱ?»

«እርማት ነው ጋሼ። አይጣልም።»

«እሷኮ ማተሚያ ቤት አይደለችም ልጄ። ቦታ ይዞብሻል። ስድስት ገጽ ጽፈሽ ሞላ። ሞልቷል ብላ ነግራሻለች፤ መስታወቷ ላይ ተጽፎ ይቆያል፣ አላየሽም?»

ካርቶኗ ቦርሳዋ ውስጥ ነበረች። ወረቀቶቹን እዚያው ቆማ አገላበጠች። በስድስተኛው ገጽ የመጨረሻ መስመር ላይ «መርማሪው ለመዝጋት ሲወስን በመጀመሪያ» ይልና ያልቃል። ከዚያ በኋላ ያለው፣ የሁለት ቀን ጽሑፍ፣ ውሃ በልቶታል።

ማተሚያ ቤት ስትደርስ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ነው። ጉሮሮ በር ላይ ጥያቄ ምልክቱን ሊላት አፉን ከፍቶ ፊቷን ሲያይ መልሶ ዘጋው። ነገረችው። ሳቅ መጣበት፤ ዋጠው። እሷም የሳቁን መምጣት አይታ መቆጣቱ አልሆንላት አለ። ቁጭ ብዬ እንደገና ልጻፈው ብትል የሚሆነውን ታውቀዋለች፤ እስከ ስድስት ሰዓት አንድ ንጹሕ አንቀጽ ይኖራታል።

ጉሮሮ ተነሥቶ ዞረና በእሷ ወንበር ላይ ተቀመጠ። በአሥራ አራት ዓመት ተቀምጦበት አያውቅም። የእሷን እስክሪብቶ አነሣ፣ ባዶ ወረቀት ሳበ።

«አንብቢ» አላት።

«ምኑን? የለምኮ።»

«ባቡር ውስጥ በአፍሽ ስትይው አልነበር? አንቺ ያልሽውን ጣትሽ ብቻ ነው የሰማው? በይ እንጂ፣ ሰው ይመጣል።»

በአንባቢው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ከዚያ በኩል ክፍሉ ሌላ ይመስላል፤ መስኮቱ ከኋላ ነው፣ የሚታየው ያጎነበሰ አናት ብቻ ነው። ከየት እንደምትጀምር አልገባትም። አፏን ከፈተች።

«መርማሪው ለመዝጋት ሲወስን በመጀመሪያ» አለች፤ ቆመችና ቀጠለች። «በመጀመሪያ የሚዘጋው ማዶውን ነው፣ አራት ነጥብ። ምክንያቱም፣ ነጠላ ሰረዝ፣ ወዲህኛውን አስቀድሞ ከዘጋ ከማዶ የተነሣ ሰው መሃል ላይ ይደርሳል፣ አራት ነጥብ። ማዶውን ዘግቶ ብቻውን ተሻግሮ ይመለሳል፣ አራት ነጥብ። ድልድዩ የአንድ ሰው ክብደት አይችልም ብሎ ከጠረጠረ አይሻገርም፣ ድርብ ሰረዝ፣ በሌላ መንገድ ወደ ማዶ ሰው ይልካል፣ አራት ነጥብ። አዲስ አንቀጽ።»

ጉሮሮ ይጽፋል። አንድም ጊዜ ቀና አላለም፤ አንድም ጊዜ እንዲህ ብንለውስ አላላትም። ስትቆም ይቆማል። ድምፅዋ አንድ ቦታ ላይ ቀጠነ፤ ኪሱ ውስጥ ገብቶ ከረሜላ አወጣና ሳያያት በጠረጴዛው ላይ ገፋላት። ተቀብላ ጉንጯ ውስጥ አደረገች፤ ቀጠለች። ሰዎች ሲቆጡ ምን እንደሚባል፣ ማገጃው ላይ የሚጻፈው ጽሑፍ ቁመቱ ስንት እንደሚሆን፣ መርማሪው የሚቀይረው ሰው እስኪመጣ ድረስ ከዚያ ስፍራ እንደማይነቃነቅ። አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ የመጨረሻውን አራት ነጥብ ጠራች።

መልእክተኛው በሰዓቱ መጣ። ስድስቱን ገጽና የጉሮሮን የእጅ ጽሑፍ አንድ ላይ ፖስታ ውስጥ አድርጋ ሰጠችው። እርማት አልሠራችበትም፤ ጊዜ አልነበረም። መልእክተኛው ፈርሞ ከሄደ በኋላ ጉሮሮ ወደ ወንበሩ ሊመለስ ሲል ሁለቱም በአንድ ጊዜ ተነሥተው መሃል ላይ ተጋጩ።

አመሻሽ ላይ በጣቢያው ስታልፍ ጠጋኙ ግራጫዋን አውጥተው፣ ባዶ አድርገሽ አምጫት፣ ጽሑፍሽን እኔ አልነካም አሏት። ይዛት ተሳፈረች። ካርቶኗ የለችባትም፤ አራቱ መስመር በግልጽ ይታያሉ። አንደኛ እርማትን ከፈተች፤ ግራጫዋ ይሰረዝ ወይ ብላ ጠየቀቻት። ሰረዘችው። ሁለተኛውን ሰረዘች። አሥረኛው ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ፤ ለምን አሥረኛው ላይ እንደሆነ አታውቅም፣ ከሌሎቹ ምንም የሚለየው ነገር የለም። ቀና ስትል ባቡሩ የእሷን ጣቢያ አልፏል። ወርዳ በሌላው አቅጣጫ ተሳፍራ ተመለሰች።

ቤት ስትደርስ ቴሌቪዥኑ ከደረጃው ላይ ይሰማል። አማቷ ዘገየሽ አሏት። ከዚያ ፊቷን ትኩር ብለው አዩት።

«አለቀ እንዴ?»

«ዛሬ ወሰዱት እማማ።»

«ማን ጻፈ ይላል ሽፋኑ?»

«የእሱ ስም ብቻ ነው። ተስማምተዋል።»

አሮጊቷ የቴሌቪዥኑን መቆጣጠሪያ ፈልገው አገኙና አጠፉት። ቤቱ እንዲህ ጸጥ ብሎ አያውቅም፤ አራሚዋ ጫማዋን ማውለቅ ጀምራ አንዱን እግሯን እንደያዘች ቀረች።

«መጨረሻው ምን ይላል?» አሉ።

ከፊታቸው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ግራጫዋን አልከፈተችም፤ መጨረሻው እዚያ የለም። አፏ ብቻውን ጀመረ። «መርማሪው፣ ነጠላ ሰረዝ፣ ማዶውን ዘግቶ ከተመለሰ በኋላ፣ ነጠላ ሰረዝ…»

«ነጠላ ሰረዙን ተይውና ንገሪኝ» አሉ አማቷ፤ ደህና የሚሰማውን ጆሯቸውን ወደ እሷ አዙረው።

ነጥቡን ትታ ስትናገረው ምን እንደሚመስል አስባው አታውቅም። አንዱ ጫማዋ እግሯ ላይ እንዳለ፣ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች።